ቬሎሲዮና የሴንት ኤትየን ዳገት

የፈረንሳይ ከተማ ሴንት ኤትየን በ19ኛው መቶ ዓመት የምትታወቀው በድንጋይ ከሰሏ፣ በጦር መሣሪያ ሥራዋና በጥብጣብ ፋብሪካዎቿ ነበር። ከተማይቱ የተቆረቆረችው በጠባቡ የፉራን ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ፣ ከእርሷ የሚወጣ መንገድ ብዙም ሳይርቅ አቀበት ይገጥመዋል። ወደ ደቡብ የሚያመራው መንገድ የፒላን ተራሮች 12 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ከወጣ በኋላ፣ 1161 ሜትር ከፍታ ላይ የሬፑብሊክ በር ተብሎ ከሚጠራው ስፍራ ይደርሳል፤ ከዚያም ጥዱን እየሰነጠቀ በቡር አርዣንታል በኩል ወደ ሮን ሸለቆ ይወርዳል። በወዲህኛው ወገን ያለው የፉራን ውሃ ከሏር ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ አትላንቲክ ውቅያኖስ ሲገባ፣ በወዲያኛው ወገን ያለው ሮን ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። በሁለቱ ወንዞች መካከል የተጋረጠው ይህ ዳገት ነው ፖል ደ ቪቪ ለተባለው ሰው የዕድሜ ልክ ጥያቄ የሆነው።

ደ ቪቪ የተወለደው እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1853 (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ ፈረንሳይ በፕሮቫንስ፣ ፔርን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የጥንት ደራስያንን የማንበብ ፍቅሩ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። እንጀራው ግን የሐር ንግድ ሆነ። የመጀመሪያ ብስክሌቱን በ1881 ሲገዛ ዕድሜው 28 ነበር። የዚያን ዘመን ብስክሌት ካቴና የሌለው፣ ፔዳሉ ከግዙፉ የፊት ቸርኬ እምብርት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለነበር፣ ነጂው ከሰው ቁመት በላይ ተሰቅሎ ነበር የሚጓዘው፤ ሲወድቅም ከዚያው ከፍታ ይወድቃል። ደ ቪቪ በዚህ ላይ ሆኖ፣ ባልንጀራው ቢፈታተነው ከላ ሼዝ ድዩ ድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በስድስት ሰዓት እንደ ተጓዘ ይነገራል።

ከዚያ በኋላ ሐሩን መነገድ አልሆነለትም። በ1887 ንግዱን ትቶ በሴንት ኤትየን የብስክሌት መደብር ከፈተ፤ በዚያው ዓመትም ጥቂት ቆይቶ ለ ሲክሊስት ማለትም ብስክሌተኛው የተባለውን መጽሔት መሠረተ። ጽሑፎቹን የሚፈርመው ቬሎሲዮ በሚል የብዕር ስም ነበር፤ ውሎ አድሮ የቤተ ሰቡን ስም የሚያስታውስ እስኪጠፋ ድረስ በዚሁ ስም ተጠራ። በወቅቱ የብስክሌት ሥራ እናት እንግሊዝ፣ በተለይም ኮቨንትሪ የተባለችው ከተማ ስለነበረች፣ መደብሩ በመጀመሪያ የሚሸጠው ከዚያ የመጣውን ነበር። ሴንት ኤትየን ግን ብረት ማቅለጥና ጠመንጃ መሥራት የለመዱ እጆች የሞሉባት ከተማ ናት። በ1889 ቬሎሲዮ ጎልዋዝ የተባለችውን የራሱን ብስክሌት አወጣ። ጎልዋዝ ሁለት እኩል ቸርኬዎችና ወደ ኋላ ቸርኬ የሚሄድ ካቴና ነበራት፤ ማርሿ ግን አንድ ብቻ ነበር።

ችግሩ የተገለጠለት በዚሁ ዳገት ላይ ነው። በብስክሌተኞች ዘንድ ሲተረክ እንደ ኖረው፣ ቬሎሲዮ በጎልዋዝ ተቀምጦ የሬፑብሊክን በር ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሲወጣ፣ ከመጽሔቱ አንባቢዎች አንዱ ፒፓውን እያጤሰ በአጠገቡ አለፈው። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ ክብሩን ነክቶት በማግስቱ ጉልበቱን ሊያጠነክር ይነሣ ነበር። ቬሎሲዮ ግን ጥፋቱን የፈለገው በጉልበቱ ሳይሆን በማሽኑ ነው።

ለመካኒክ ባለሙያ ስሌቱ እንግዳ አይደለም። በአንድ የፔዳል ዙር 5 ሜትር የምትሄድ ብስክሌት፣ ከመቶ 5 በሚወጣ አቀበት ላይ ነጂዋን ከነማሽኑ በየዙሩ 25 ሳንቲ ሜትር ሽቅብ ታነሣለች። ርቀቱ ወደ 2 ሜትር ተኩል ሲቀነስ የሚነሣው 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይሆናል። ጠቅላላው ሥራ አይለወጥም፤ 12 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ በ2400 ዙር ፈንታ 4800 ዙር ያስፈልጋል፤ በእያንዳንዱ ዙር እግር የሚገፋው ኀይል ግን በግማሽ ይቀልለታል። የሰው ጡንቻ ደግሞ ቀላሉን ነገር ብዙ ጊዜ መደጋገም ይችላል እንጂ ከባዱን ለረጅም ሰዓት አይሸከምም። ይሁን እንጂ ለዳገት የሚበጀው ማርሽ በሜዳ ላይ እግርን ያለ ፍሬ ያሽከረክራል። ስለሆነም የሚያስፈልገው ከአንድ የበለጠ ማርሽ ነው። ይህን መናገር ቀላል ነው፤ መሥራቱ ግን ከ20 ዓመት ያላነሰ ልፋት ጠየቀ።

በመጀመሪያ ከፔዳሉ አጠገብ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ባለ ጥርስ ክብ ጎን ለጎን አኖረ። ዳገቱ ሲጀምር ነጂው ወርዶ ካቴናውን በእጁ ከትልቁ ወደ ትንሹ ያዛውራል፤ ቁልቁለቱ ሲመጣ ደግሞ ይመልሳል። እጅ በቅባት ይጨማለቃል፤ በዝናብና በጨለማ ሲሆን ደግሞ የነጂውን ትዕግሥት ይፈታተናል። ከዚህ ቀጥሎ በብስክሌቱ ቀኝና ግራ ሁለት ካቴናዎች የተዘረጉባቸው ማሽኖች ተሞከሩ፤ አንደኛው ለሜዳ ሁለተኛው ለዳገት ነበር። ፔዳሉ ወደ ፊት ሲመታ ትልቁ፣ ወደ ኋላ ሲመታ ትንሹ ማርሽ የሚሠራበት ዘዴም በዚያች ከተማ ተሠራ። ወደ ኋላ እየመቱ ወደ ፊት መሄድ ለተመልካች አስቂኝ ቢመስልም ዳገቱን ይወጣ ነበር። ከእንግሊዝ የመጡትን ባለ ብዙ ማርሽ ብስክሌቶችም ገዝቶ መረመረ። በመጨረሻ ካቴናውን ከአንዱ ጥርስ ወደ ሌላው ገፍቶ የሚያሻግረው መሣሪያ፣ በተለምዶ ካምቢዮ የሚባለው፣ እየተሻሻለ መጣ፤ ከቬሎሲዮ ወዳጆች አንዱ የሆነው ዦአኒ ፓኔል ሽሚኖ በሚል ስም ሠርቶ ለገበያ አቀረበው። ካምቢዮን አንድ ሰው ብቻውን ፈለሰፈው ማለት ትክክል አይሆንም፤ በእንግሊዝም በፈረንሳይም ብዙዎች ደክመውበታል። የቬሎሲዮ ድርሻ ሙከራውን ሁሉ፣ የከሸፈውን ጭምር፣ ከነልኩ በመጽሔቱ ማውጣቱና መንገድ ላይ ሳይፈትን ማንኛውንም ማሽን አለማመስገኑ ነው። መደብር ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመፈተኛው መንገድ ደግሞ ረጅም ነበር። በተለይ በፋሲካ ሰሞን ከወዳጆቹ ጋር ወደ ተወለደበት ወደ ፕሮቫንስ መውረድ ልማዱ ሆነ። ሌሊቱን ሳይተኙ በመብራት ዳገቱን ይወጣሉ፤ ብርዱ ጣት ሲያደነዝዝ በቁልቁለቱ ይወርዳሉ፤ ከዚያም የሮንን ወንዝ እየተከተሉ በቫላንስና በሞንቴሊማር በኩል ወደ ደቡብ ይነጉዳሉ። በዚያ ሸለቆ ከሰሜን የሚነፍሰው ሚስትራል የተባለው ብርቱ ነፋስ ሲወርዱ ከጀርባ እየገፋ እንደ ክንፍ ያገለግላል፤ ሲመለሱ ግን ፊት ለፊት ቆሞ ዋጋውን ያስከፍላል። እንግዲህ ማርሽ ለዳገት ብቻ እንዳልሆነ የተማሩት እዚህ ነው፤ ነፋስ የሚዋጋ ሰው በሜዳ ላይም አቀበት እየወጣ ነውና። ቬሎሲዮ ሁለት ቀንና አንድ ሌሊት ያህል ሳይተኛ የሚጓዝባቸው ጊዜዎች ነበሩ። በዙሪያው የተሰበሰቡት ብስክሌተኞች የሴንት ኤትየን ትምህርት ቤት የሚል ስም አተረፉ፤ ትምህርት ቤቱ ግን መንገዱ ነበር።

ይህን ሁሉ የማይቀበል ብርቱ ሰው በፓሪስ ነበር። አንሪ ዴግራንዥ በብስክሌት እሽቅድምድም ስም ያወጣ፣ በኋላም የስፖርት ጋዜጣ አዘጋጅ የሆነ ሰው ነው። በ1902 የፈረንሳይ ቱሪንግ ክለብ በፒሬኔ ተራሮች የብስክሌት ፈተና አዘጋጅቶ ባለ ብዙ ማርሾቹ ጥንካሬያቸውን ባሳዩ ጊዜ፣ ዴግራንዥ ሙከራውን አመስግኖ ፍሬ ነገሩን ጣለው። ማርሽ መቀየር ዕድሜያቸው ከ45 ዓመት ላለፈ ሰዎች እንጂ ለወጣት እንደማይገባ፣ በጡንቻ ማሸነፍ በመሣሪያ ብልሃት ከማሸነፍ እንደሚበልጥ ጻፈ። በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያውን የፈረንሳይ ዙር ውድድር አዘጋጀ። የዚያ ውድድር ሁለተኛ ጉዞ ከሊዮን ወደ ማርሴይ ሲሄድ ያለፈው፣ ሌላ ቦታ የጠፋ ይመስል፣ በዚያው በሬፑብሊክ በር ላይ ነበር። ቬሎሲዮ አዘውትሮ በሚወጣው መንገድ ላይ ተወዳዳሪዎቹ አንድ ማርሽ ይዘው ወጡት።

ለዴግራንዥ ፍርድ መስጠት ካስፈለገ፣ ክርክሩ ባዶ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ካምቢዮዎች ከባድ ነበሩ፤ ጭቃ ሲገባባቸው ይያዛሉ፤ ካቴና ይጥላሉ። ውድድሩም በፋብሪካዎች ሳይሆን በሰዎች መካከል እንዲሆን መፈለጉ ያስከብረዋል። ስሕተቱ ድካምን ራሱን እንደ ዋጋ መቁጠሩ ነው። ውድድሩ በ1910 ወደ ፒሬኔ ሲገባ፣ በመጨረሻ አሸናፊ የሆነው ኦክታቭ ላፒዝ 2115 ሜትር ከፍታ ያለውን የቱርማሌን በር የወጣው ከፊሉን መንገድ በእግሩ ብስክሌቱን እየገፋ ነው። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመታት፣ ተወዳዳሪዎቹ ከተራራ ሥር እየወረዱ የኋላ ቸርኬያቸውን ፈትተው በመገልበጥ በሌላው ጎን ያለውን ትልቅ ጥርስ ለዳገቱ ያዘጋጁ ነበር። ማርሽ መቀየር ነውር ነው በተባለበት ውድድር ይህ ማርሽ መቀየር ካልሆነ ምን እንደሚባል ግልጽ አይደለም።

ቬሎሲዮ ለመንገደኛ የሚሆኑ ሰባት ደንቦች ትቶ አልፏል። ዕረፍት አጭርና ጥቂት ይሁን፤ ሳይርብ መብላት፣ ሳይጠማ መጠጣት ይገባል፤ ድካም የምግብና የእንቅልፍ ፍላጎትን እስኪያጠፋ መድረስ የለበትም፤ ሳይበርድ መልበስ፣ ሳይሞቅ ማውለቅ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ በጉዞ ላይ ከወይን ጠጅ፣ ከሥጋና ከትምባሆ መራቅ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ከዐቅም በላይ አለመሮጥ፤ በመጨረሻም ለታይታ ሲባል ፔዳል አለመምታት። እርሱ ራሱ ሥጋ አይበላም ነበር፤ በዚህ ጉዳይ የሚያደርገው ስብከት ወዳጆቹን ሳያሰለች አልቀረም። 40 ሰዓት ሳይተኛ የሚጓዝ ሰው ሰባተኛውን ደንብ ሁልጊዜ ጠብቋል ለማለትም ያስቸግራል።

በየካቲት 1930 አንድ ቀን፣ የ76 ዓመቱ ሽማግሌ በሴንት ኤትየን ጎዳና ብስክሌቱን በእጁ ይዞ ሲሄድ ትራም ገጭቶት ሞተ። በማርሹ ምክንያት ያን ያህል የተከራከረበት ውድድር በሩን ሲከፍት አላየም። ዴግራንዥ በ1936 ታሞ ኀላፊነቱን ለዣክ ጎዴ ከለቀቀ በኋላ፣ በ1937 ካምቢዮ ለሁሉም ተፈቀደ፤ በዚያ ዓመት ያሸነፈው ሮዤ ላፔቢም በካምቢዮ ነድቶ ነው።

ከውድድሩ ውጭ ያለው መንገደኛ ግን ይህን ፈቃድ ሲጠብቅ አልኖረም። ገና በሕይወቱ ሳለ ከ1922 ጀምሮ ወዳጆቹ በስሙ አንድ ቀን ሰይመው፣ ሽማግሌና ወጣት፣ ወንድና ሴት ሳይለይ ከሴንት ኤትየን ተነሥተው ዳገቱን ይወጡ ጀመር። በ1947 ደግሞ የፓሪስ ብስክሌተኞች ማኅበር የቬሎሲዮ ፍላጻ የተባለውን የፋሲካ ጉዞ አቋቋመ፤ በዚህም ጥቂት ጓደኛሞች አንድ ላይ ሆነው በ24 ሰዓት ቢያንስ 360 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። በሬፑብሊክ በር፣ ጥዱ ገለጥ ከሚልበት ቦታ፣ ለመታሰቢያው የቆመ ሐውልት አለ። ከሸለቆው ተነሥቶ እዚያ የሚደርስ ብስክሌተኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ትንሿን ማርሽ እንደያዘ ነው።