ኤልሳቤጥ ፍራይና የኒውጌት እስረኞች

ኤልሳቤጥ ፍራይ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1780 ዓመት በእንግሊዝ አገር ኖርዊች በምትባል ከተማ ከባለጠጋ ቤት ተወለደች። ወላጆችዋ ክዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነበሩ። በ1800 አግብታ ወደ ለንደን ሄደች፤ ዐሥራ አንድ ልጆችም ወለደች።

በ1813 ኒውጌት ወደሚባለው ወኅኒ ቤት ገባች። በዚያም ሦስት መቶ ያህል ሴቶች ከሕፃናቶቻቸው ጋራ በጥቂት ክፍሎች ታጭቀው አየች። የተፈረደባትና ገና ያልተፈረደባት ባንድነት ነበሩ። በአንዱ ስፍራ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ያለ አልጋ ይተኛሉ። ጠባቂዎቹ እንኳ በመካከላቸው መግባት ይፈሩ ነበር። ኤልሳቤጥ ለታረዙት ሕፃናት ልብስ ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ ግን በቤትዋ መከራ በዛ፤ በ1815 ትንሽ ልጅዋ ሞተችባት። ስለዚህ ሳትመለስ ብዙ ጊዜ ቈየች።

በተመለሰችም ጊዜ ከሴቶቹ ጋራ ብቻዋን እንዲተዉአት ለመነች። መጽሐፍ ቅዱስን ገልጣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለውን የወይን አትክልት ጌታ ምሳሌ አነበበችላቸው፤ በዐሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡት ሠራተኞችም እንደ ፊተኞቹ ደመወዛቸውን እንደ ተቀበሉ አስረዳቻቸው። አንዳንዶቹ ክርስቶስ ማን እንደ ሆነ ጠየቁ። ሌሎቹም የእነርሱ ሰዓት ያለፈ መስሎአቸው ፈሩ።

ቀጥሎም ለልጆቹ ትምህርት ቤት ከፈተች። አስተማሪዋን ሴቶቹ ራሳቸው መረጡ፤ እርስዋም ሰዓት ሰርቃ የታሰረች ወጣት ነበረች። ይህ ለብዙዎች ሞኝነት ይመስላል፤ ነገር ግን እስረኛ የእስረኛን ልብ ታውቃለች። በሚያዝያ 1817 ኤልሳቤጥ ከባልንጀሮችዋ ጋራ ማኅበር አቆመች። ልመና፣ ስድብ፣ ቁማርና ጠብ እንዲቀሩ ደንብ ተጻፈ። ደንቡም በግድ አልተጫነም፤ አንድ በአንድ እየተነበበ ሴቶቹ እጃቸውን አንሥተው ተቀበሉት። ከዚህ በኋላ ቀን ስፌት ይሰፉ፣ ሹራብ ይሠሩ ነበር፤ ጧትና ማታም ቅዱስ መጽሐፍ ይሰማሉ።

በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ወደ አውስትራልያ በመርከብ ይጋዙ ነበር። ወደ መርከቡ ሲሄዱ በሰንሰለት ታስረው በክፍት ጋሪ ይጫናሉ፤ ሕዝቡም ይሰድባቸዋል። ኤልሳቤጥ በተሸፈነ ሠረገላ እንዲወሰዱ አደረገች፤ በመንገድ የሚሰፉትንም ቁርጥራጭ ጨርቅ፣ መርፌና ክር ሰጠቻቸው።

በ1818 ስለ እስር ቤቶች በእንግሊዝ ምክር ቤት ፊት መሰከረች። በ1828 የባልዋ ባንክ ከሰረ፤ እርስዋ ግን እስረኞችን መጐብኘት አልተወችም። በ1842 የፕሩስያ ንጉሥ ኒውጌትን ሊያይ በመጣ ጊዜ ኤልሳቤጥ በፊቱ ለሴቶቹ አነበበች። በጥቅምት 1845 አረፈች፤ በባርኪንግም ተቀበረች።