ኮሊን ቻፕማን፤ ውድድሩ ሳይጀመር የሚወዳደረው ሰው

በመኪና እሽቅድምድም ታሪክ ስማቸው ከሚነሣው ሰዎች አብዛኞቹ መሪ የጨበጡ ናቸው። በዛሬው ዕትማችን የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ የምናቀርብላችሁ ሰው ግን ዝናውን ያገኘው በንድፍ ወረቀት ላይ ነው። ውድድር የሚጀመረው ባንዲራ ሲወርድ ይመስለናል፤ እርሱ ግን ገና የውድድሩ ወራት ሳይደርስ፥ ጋራዡ ተዘግቶ በሚሠራበት ጊዜ ነገሩ እንደሚቈረጥ ከብዙዎች ቀድሞ የተረዳ ሰው ነበር።

አንቶኒ ኮሊን ብሩስ ቻፕማን በሜይ 19 ቀን 1928 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ነው) እንግሊዝ አገር ሪችመንድ ላይ ተወለደ። በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገብቶ የድልድይና የሕንፃን አቋም የሚመለከተውን ምሕንድስና አጠና። በትርፍ ሰዓቱ ያገለገሉ መኪናዎች ይነግድ ነበር፤ ነገር ግን መንግሥት የቤንዚን ድርሻ ሲያቋርጥ ገበያው ሞተበትና ማንም ያልገዛው አንድ አሮጌ ኦስቲን ሰባት በእጁ ቀረ። በ1948 ይህንኑ መኪና ፈታትቶ በእጮኛው በሄዝል ዊልያምስ ወላጆች ቤት ጋራዥ ውስጥ የመጀመሪያውን መኪናውን ሠራ። በዚያው ጊዜ የመጨረሻውን የሒሳብ ፈተና ወድቆ ዲግሪውን ያገኘው በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ተፈትኖ ነው። (ይህን የምንጽፈው በመጪው ፈተና ለሚያሠጋቸው ጓደኞቻችን ሰበብ ለመስጠት አይደለም።) በ1952 ከሄዝል በተበደረው 25 ፓውንድ ሎተስ የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ1958 መኪናዎቹ በታላቁ ውድድር በፎርሙላ አንድ ተሰለፉ።

የትምህርቱ ጥቅም የታየው እዚህ ላይ ነው። ድልድይ የሚሠራ ሰው ሸክሙ በየትኛው አካል እንደሚያልፍ ይጠይቃል፤ ሸክም የማያልፍበትን ብረት ያስወግዳል። ቻፕማንም መኪናን እንዲሁ አየ። እስከ 1962 ድረስ የእሽቅድምድም መኪና አጥንቱ ከቀጫጭን ቧንቧ እየተበየደ ይሠራና ላዩ በቈርቈሮ ይለበጥ ነበር። ቻፕማን ቧንቧውን ትቶ ልብሱ ራሱ አጥንት እንዲሆን አደረገ። የእንቍላል ቅርፊት በውስጡ ምሰሶ ሳይኖረው ጭነት እንደሚችል ማለት ነው። በሾፌሩ ግራና ቀኝ ከስስ አሉሚኒየም ሣጥን ሠርቶ ቤንዚኑን በላስቲክ ከረጢት ከተተበት፤ ሾፌሩንም ነፋስ እንዳይመታው አጋደመው። መኪናው ከቀድሞው እጅግ የቀለለና የጠነከረ ሆነ። ነገሩንም ሸሸገው፤ ለሌሎች ቡድኖች የቧንቧውን መኪና ሸጦ እርሱ ግን ዛንድፎርት ላይ አዲሱን አውጥቶ ሲያሰልፍ ገዢዎቹ ተቈጡ። የንግድ ወዳጅነት በዚህ ዓይነት አይጸናም እንላለን፤ በውድድር ሕግ ግን የሚከሰስበት ነገር አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት ጂም ክላርክ ከ10 ውድድር 7ቱን አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

በ1967 ደግሞ የኋላውን አጥንት ጨርሶ አስወግዶ፥ ሞተሩ ራሱ የኋላ እግሮቹን እንዲሸከም አደረገ። ያ መኪና በተሰለፈበት በመጀመሪያው ቀን አሸነፈ።

ዳሩ ግን የማቅለል ነገር ወሰኑ የት ነው? የዚህን ሰው ሕይወት ስናጠና ልባችንን የከፈለው ይህ ጥያቄ ነው። በ1969 ባርሴሎና ላይ የሁለቱም ሎተስ መኪናዎች ከፍ ብሎ የተተከለ ክንፋቸው ተሰብሮ ከአጥር ጋር ተላተሙ። ከአደጋው የተረፈው ዮኀን ሪንት ለቻፕማን ደብዳቤ ጻፈለት፤ መኪናዎቹ እጅግ ፈጣኖች ስለ ሆኑ ደካማውን አካል ለማጠንከር ጥቂት ክብደት ቢጨመርባቸው ከማሸነፍ እንደማያግዳቸው አስረዳ። በሚቀጥለው ዓመት እንደ ሽብልቅ ፊቱ የሾለው ሎተስ 72 ወጣ፤ ሪንትም በእርሱ በተከታታይ 4 ውድድር አሸነፈ። በሴፕቴምበር 5 ቀን 1970 ሞንዛ ላይ በልምምድ ሳለ የፊት ፍሬን ዘንግ ተሰብሮ ሪንት ሞተ። ነጥቡን የሚያልፍ ስለ ጠፋ የሻምፒዮንነቱ ማዕርግ ለሟች ተሰጠ። አንዳንዶች ሾፌሮቹ አደጋውን ዐውቀው የገቡ ናቸው ይላሉ። እኛ ግን ዐውቆ መግባት ዘንጉን አያወፍረውም ብለን እናምናለን። በንድፍ ወረቀት ላይ የሚቀነሰው እያንዳንዱ ድራም የሌላ ሰው ነፍስ ነው፤ ቻፕማንም የሪንትን ደብዳቤ ልብ ሊለው ይገባ ነበር።

በ1975 ሎተስ ደከመ። ቻፕማንም መኪናው መሬት የሚጨብጥበትን መንገድ ከሥሩ መርምሩ ብሎ ረዘም ያለ ጽሑፍ ለመሐንዲሶቹ ሰጠ። በቶኒ ራድ መሪነት ፒተር ራይትና ባልደረቦቹ ትንሽ አምሳያ ሠርተው በሎንዶን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የነፋስ መሞከሪያ ዋሻ ውስጥ አኖሩት። የልኩ ውጤት ግን አልጸና አለ። ቢመለከቱ፥ የአምሳያው የጎን ሣጥኖች ነፋሱ በበረታ ቍጥር ወደ መሬት ይረግቡ ኖሯል። ከሣጥኑ ሥር የሚያልፈው ነፋስ በጠባብ ስፍራ ሲሮጥ ግፊቱ ይቀንስና መኪናውን ወደ ታች ይስበዋል። በሣጥኑ ጠርዝና በመሬት መካከል ያለውን ክፍተት በካርቶን ሲደፍኑት ስበቱ እጅግ ጨመረ። የአውሮፕላንን ክንፍ ገልብጦ ከመኪና ሥር ማኖር ማለት ይህ ነው! መኪናው በ1976 ቢደርስም ቻፕማን ተፎካካሪዎች አይተው እንዳይቀዱበት እስከ 1977 ደበቀው። በ1978 ተከታዩ ሎተስ 79 ማሪዮ አንድሬቲን ሻምፒዮን አደረገ። የቡድን ጓደኛው ሮኒ ፒተርሰን ግን አዲሱ መኪና ጧት ስለ ተሰበረበት በአሮጌው ተሰልፎ ሞንዛ ላይ ተጋጨና በማግሥቱ ሞተ።

በ1979 ዘዴውን ከልክ በላይ ገፍቶ የሠራው ሎተስ 80 በመንገድ ላይ እየነጠረ አስቸገረ፤ ከ3 ውድድርም አላለፈ። በ1981 ሁለት አካል ያለውን ሎተስ 88ን ዳኞቹ ከለከሉት።

ቻፕማን በዲሴምበር 16 ቀን 1982 በ54 ዓመቱ በልብ ሕመም ሞተ። በዚያው ቀን ሰዎቹ ስኔተርተን በተባለው ሜዳ በኤሌክትሮኒክ የሚታዘዝ የእግር ስፕሪንግ የገባበትን መኪና እየሞከሩ ነበር። ይህ ዓይነት መኪና በ1987 ሞናኮ ላይ በአይርተን ሴና እጅ አሸነፈ።