እንዶድን ለዓለም ያስተዋወቁት ተመራማሪ፡ ዶክተር አክሊሉ ለማ

ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ ኢትዮጵያውያን ለዘመናት ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ የቢልሃርዝያ በሽታን የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በምርምር ያረጋገጡ ሳይንቲስት ነበሩ። የተወለዱት በ1935 ሲሆን ያረፉት በ1997 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሕይወት ታሪካቸው የኅብረተሰብን ነባር ዕውቀት በቤተ ሙከራ ፈትሾ ለሕዝብ ጥቅም ማዋል እንደሚቻል ያሳያል። ዕውቀቱ በወቅቱ ካልተመዘገበና በሕግ ካልተጠበቀ ደግሞ ጥቅሙ ከባለቤቱ እጅ ሊወጣ እንደሚችል ያስገነዝባል።

ዶክተር አክሊሉ ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ ተከታትለው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ። ወደ ሀገራቸው ተመልሰው በወቅቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምሩ የምርምር ትኩረታቸውን በቢልሃርዝያ ላይ አደረጉ። የበሽታው ጥገኛ ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ሰገራ ወይም ሽንት ጋር ወደ ውሃ ይገባል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ከተራባ በኋላ እንደገና ወደ ውሃ ይወጣል፤ ወንዝ ተሻግሮ፣ ታጥቦ ወይም ዋኝቶ ውሃውን የሚነካውን ሰው ቆዳ በስቶም ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን መቆጣጠር የበሽታውን ሰንሰለት ከመሐል መበጠስ ነው። በዘመኑ ለዚህ ተግባር የሚያገለግሉት ኬሚካሎች ከውጭ በውድ ዋጋ የሚገቡ በመሆናቸው ለድሃ ሀገር አቅም የሚከብዱ ነበሩ።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ገና 30 ዓመት ሳይሞላቸው በአድዋ አካባቢ የሚገኙ ወንዞችንና በውስጣቸው የሚኖሩትን ቀንድ አውጣዎች በማጥናት ላይ ነበሩ። ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች መኖራቸውን አስተዋሉ። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው የእንዶድ አረፋ እንዲጨመርበት ሲያደርጉ ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ለአጣቢዎቹ የዕለት ተዕለት ሥራ የነበረው ነገር ለተመራማሪው የዓመታት ጥናት መነሻ ሆነ።

በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሥርተው በዳይሬክተርነት መሩ። በእርሳቸው መሪነት የተሰባሰቡት ተመራማሪዎች የእንዶድ ፍሬ ደርቆና ተፈጭቶ ምን ያህሉ በምን ያህል ውሃ ውስጥ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል መረመሩ። ኃይሉ የሚገኘው በፍሬው ውስጥ ካለው ሳፖኒን ከሚባል አረፋ ሰጪ ንጥረ ነገር እንደሆነም ታወቀ። በአሜሪካ በስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ተጣርቶ የተለየው አንደኛው የእንዶድ ሳፖኒን በእርሳቸው ስም ለማቶክሲን ተብሏል። እንዶድ ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይቆይ በተፈጥሮ የሚበሰብስ መሆኑ፣ በአርሶ አደሩ ጓሮና አጥር ሥር መብቀሉም ተፈላጊነቱን ከፍ አደረገው። በሌላ በኩል ዓሣን የሚገድል በመሆኑ መጠኑና የሚጨመርበት ሥፍራ በጥንቃቄ ሊመረጥ የሚገባ ነው።

የግኝቱ ዋነኛ ፈተና በሕዝብ ኑሮ ውስጥ የሚሰጠው ውጤት ነበር። ቡድኑ ከ1969 እስከ 1974 ለአምስት ዓመታት በአድዋ ወንዞች በእንዶድ የቀንድ አውጣ ቁጥጥር አካሄደ። በጥናቱ ማብቂያ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሆኑ ሕፃናት መካከል የበሽታው ሥርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ መውረዱ ተመዘገበ። አብዛኞቹ ሕፃናት የተወለዱት ቁጥጥሩ ከተጀመረ በኋላ በመሆኑ፣ ውጤቱ አዲስ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ ምን ያህል እንደቀነሰ የሚያመለክት ነበር።

ይህ ውጤት ግን በዓለም አቀፍ ደረጃ ወዲያውኑ ተቀባይነት አላገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትን ጨምሮ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ተቋማት፣ እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት የማያስከትል መሆኑ በዓለም አቀፍ ደረጃዎች መሠረት በተካሄደ ምርመራ እንዲረጋገጥ ይጠይቁ ነበር። ምርመራው ከፍተኛ ገንዘብና የተደራጀ ቤተ ሙከራ የሚፈልግ በመሆኑ ሥራው ለዓመታት ተጓተተ። ዶክተር አክሊሉም የመዘግየቱ ምክንያት ሳይንሳዊ ጥያቄ ብቻ ሳይሆን በአፍሪካ ተመራማሪዎች ችሎታ ላይ ያለው እምነት ማነስ ጭምር እንደሆነ በይፋ ይናገሩ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ልዩ ልዩ ተቋማት ባገለገሉባቸው ዓመታትም የእንዶድን ጉዳይ አልተዉም። የደኅንነት ምርመራውም በካናዳ ድጋፍ ተካሄደ።

በሀገር ውስጥ ሥራውን ካስቀጠሉት መካከል የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ይገኙበታል። የእርሻ ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ከተለያዩ የሀገሪቱ አካባቢዎች የእንዶድ ዝርያዎችን አሰባስበው በማወዳደር በቁጥር 44 የሚታወቀውን ዝርያ ለይተው አወጡ። ዝርያው ከኢትዮጵያ አልፎ በሌሎች የአፍሪካ ሀገሮችም ተሞክሯል። ሁለቱ ተመራማሪዎች በ1989 አማራጭ ኖቤል በሚል ስያሜ የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ከሽልማቱ በኋላ የእንዶድ ታሪክ ሌላ መልክ ያዘ። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የተስፋፋው ዜብራ ማስል የሚባል ዛጎል ለበስ ፍጥረት የውሃ ቱቦዎችን በመዝጋት ከፍተኛ ኪሳራ ያደርስ ነበር። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ከዶክተር አክሊሉ ጋር በፈጠረው ግንኙነት እንዶድ ይህን ፍጥረት እንደሚገድል ተረጋገጠ፤ ዩኒቨርሲቲውም በ1990ዎቹ በአጠቃቀሙ ላይ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። የዕውቀቱ ምንጭ የሆነው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ድርሻ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በነባር ዕውቀት ባለቤትነት ዙሪያ በሚካሄዱ ዓለም አቀፍ ክርክሮች ዘወትር የሚጠቀስ ምሳሌ ሆኗል።

ዶክተር አክሊሉ በሚያዝያ ወር 1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ዛሬ ቢልሃርዝያን ለመቆጣጠር በዋናነት የሚሠራበት ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ነው። ሆኖም የታከመ ሰው ወደ ተበከለ ውሃ ሲመለስ እንደገና ሊያዝ ስለሚችል ቀንድ አውጣን መቆጣጠር አሁንም ከመከላከያ መንገዶች አንዱ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ተቋም የአክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ተሰይሞ ነበር።

የተከተሉት የምርምር መንገድ ለሰብል ጥበቃም የሚጠቅም ነው። በጉራጌ ዞን የጉመር ወረዳ መቀመጫ በሆነችው አረቅጥና በአካባቢዋ እንሰት የኑሮ መሠረት ነው። የእንሰት አጠውልግ በሽታን የሚያመጣው ባክቴሪያ በ1968 ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዳኛቸው ይርጉ ከባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጽሑፍ ቢታወቅም፣ የታመመን ተክል የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለውም። በሽታው በተበከለ ቢላዋና በታመመ ችግኝ ስለሚዛመት መከላከያው የታመመውን ተክል ነቅሎ ማስወገድ፣ መሣሪያን በእሳት ማጽዳትና ንጹሕ ችግኝ መትከል ነው። የትኛው የእንሰት ዓይነት በሽታውን ተቋቁሞ እንደሚቆይ በየጓሮው የሚያስተውለው አርሶ አደር በመሆኑ፣ ተመራማሪዎች የእርሱን ትዝብት መነሻ ሊያደርጉ ይገባል።

የዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ዛሬ የሕግ ጥበቃ አለው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482/1998 ኅብረተሰቡ በነባር ዕውቀቱ ላይ መብት እንዳለው፣ ዕውቀቱን ለመጠቀም የሚፈልግ አካልም አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትና ጥቅሙን ማካፈል እንዳለበት ይደነግጋል። በመሆኑም፡

የጄኔቲክ ሀብትንና የኅብረተሰብ ዕውቀትን ለመጠቀም የሚያስፈልገውን ፈቃድ በተመለከተ የኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን፣

የፈጠራ ሥራን ለማስመዝገብ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን፣

በእንሰት ማሳ ላይ የመጠውለግ ምልክት ሲታይ የቀበሌውን የግብርና ልማት ሠራተኛ፣

ለቢልሃርዝያ የሰገራና የሽንት ምርመራ በአቅራቢያ የሚገኘውን ጤና ጣቢያ ማነጋገር ይቻላል።