እቴጌ ጣይቱና የመጀመሪያው ሂሳብ

ደረስጌ ማርያምን የማያውቅ የጃናሞራ ሰው የለም። ያሠሯት የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. እርሳቸው ድል ሆነው ዓፄ ቴዎድሮስ የነገሡትም እዚያው ነው። የደጃዝማች ውቤ የወንድም ልጅ ጣይቱ ብጡል ያኔ ገና ልጅ ነበሩ። ቤተ ዘመዱ ሹመቱን ሲያጣ ለእርሳቸው የቀራቸው የተማሩት ነው፤ ማንበብና መጻፍ ያውቁ ነበር፤ በገናም ይደረድሩ ነበር።

ትዳርም ወዲያው አልሰመረላቸውም፤ ከአንድ ጊዜ በላይ አግብተው ፈትተዋል። በ1875 ዓ.ም. ምኒልክን ሲያገቡ ብዙ ያዩ ሴት ነበሩ። በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውኃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ቦታውንም አዲስ አበባ አሉት። በ1888 ዓ.ም. መቀሌ ላይ ጠላት የሚቀዳው ውኃ እንዲያዝ መከሩ፤ ዓድዋ ላይ ደግሞ ሴቶቹን አሰልፈው ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውኃ አስቀዱ።

ይህን ሁላችንም ሰምተናል። በዚህ እትም ልናነሳ የፈለግነው ግን በ1900 ዓ.ም. ገደማ የከፈቱትን ሆቴል ነው።

በዚያ ዘመን ነጋዴ ይናቅ ነበር። እንግዳን ማብላት ክብር፣ ምግብን መሸጥ ግን ነውር ነበር። እቴጌይቱ ይህን እያወቁ ምግብ በገንዘብ የሚሸጥበት ቤት ከፈቱ፤ የወጥ ቤቱንም ሥራ ራሳቸው ይከታተሉ ነበር። መጀመሪያ ላይ ደፍሮ የሚገባ ጠፋ ይባላል። ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄዱ፤ በልተው ሲጨርሱ ሂሳቡን ከፈሉ። ንጉሥ ከከፈለ ማን ያፍራል? መኳንንቱም በተራቸው እየጋበዙ መክፈል ጀመሩ ይባላል።

እኛስ? ከመካከላችን አንዷ ዳቦ መሸጥ ጀምራ ነበር። ዳቦው ጥሩ ነበር፤ ገበያም አልጠፋም። የዘጋናት እኛው ነን። እኛ እህቶቿ፣ ጎረቤቶቿና አበልጆቿ በላንና ሌላ ቀን እንሰጥሻለን አልናት። እርሷም መጠየቅ አፈረች፤ ዱቄት መግዣ እስክታጣ ዝም አለች። ኪሳራዋ የመጣው ከይሉኝታ ነው፤ የይሉኝታውም ግማሽ የእኛ ነበር።

ስለዚህ በወርኃዊ ስብሰባችን ሦስት ነገር ተስማምተናል። የምትሸጥ አባል ዋጋዋን አስቀድማ ትናገራለች። የሥራውን ገንዘብ ከቤት ወጪ ለይታ ታስቀምጣለች፤ መጻፍ የማትችል ብትሆን ልጇ ይጽፍላታል። ሦስተኛው የሁላችን ነው፦ አንዲት እህታችን ሥራ ስትጀምር ቀድመን ሄደን ሙሉ ዋጋ የምንከፍለው እኛ እንሆናለን። ለችግረኛ መስጠት ሌላ ነው፤ እርሱ ከዕድራችን ሣጥን ይወጣል።

እቴጌ ጣይቱ በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን ተገለሉ። ምኒልክ ካረፉ በኋላ እንጦጦ ተቀምጠው በየካቲት 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። ሆቴሉ ግን ዛሬም ፒያሳ ላይ በስማቸው ይጠራል።

ዳቦ ጋጋሪዋ እህታችን ከመጪው ገበያ ቀን ጀምሮ እንደገና ልትሞክር ነው። ውድ አባሎቻችን፣ ስትመጡ ገንዘባችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ኑ።