ቶማስ ሴይ፡ ስሙ ከዴንቨር ሜዳ እባብ ጋር የቀረው ተመራማሪ

በዴንቨርና በኦሮራ ዙሪያ ባለው ሣራማ ሜዳ የሚዘዋወር ሰው፣ ቢጫማ ቆዳው በቡናማ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ ረጅም እባብ ሊገጥመው ይችላል። ቡልስኔክ ይባላል፤ መርዝ የለውም። ሳይንሳዊ ስያሜው ቶማስ ሴይን ያስታውሳል። ሴይ ግን ይህን ሳያይ ነው የሞተው።

ሴይ እ.አ.አ. በ1787 በፊላደልፊያ ተወለደ። ቅድመ አያቱ ጆን ባርትራም ስመ ጥር የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። እርሱም በ1812 የከተማዋን የተፈጥሮ ሳይንስ አካዳሚ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ።

በ1820 ሻለቃ ስቲቨን ሎንግ የመራውን የጥናት ቡድን ተቀላቅሎ ወደ ሮኪ ተራሮች ተጓዘ። ቡድኑ የሳውዝ ፕላት ወንዝን ተከትሎ በጁላይ መጀመሪያ ዛሬ ዴንቨር ባለችበት ስፍራ አለፈ፤ ከተማዋ ያኔ አልተቆረቆረችም። በመልስ ጉዞ ላይ ግን ሦስት ወታደሮች በሌሊት ከዱ። የሴይን ማስታወሻ ደብተሮችም ይዘው ጠፉ። ስለ እንስሳትና ስለ ነባር ሕዝቦች ቋንቋ የጻፈው ብዙ ነገር ዳግም አልተገኘም።

ሴይ በተረፈው መረጃ ሥራውን ቀጠለ። በ1823 ለኮዮቴና ስዊፍት ፎክስ ለምትባለው ትንሽ ቀበሮ ሳይንሳዊ ስም ሰጠ። ከ1,000 በላይ የነፍሳት ዝርያዎችንም መዘገበ። በ1834 ኢንዲያና ውስጥ በ47 ዓመቱ አረፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኸርማን ሽሌገል የተባለ ተመራማሪ እባቡን በስሙ ሰየመው።

የቡልስኔክ አካል ጉድጓድ ውስጥ ለሚኖሩ አይጦችና መሰሎቻቸው የተበጀ ይመስላል። በሹል አፍንጫው አፈር እየገፋ ይገባል። መጠምጠሚያ ቦታ ካጣ ታዳኙን ከጉድጓዱ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ይገድለዋል። እግርና ፀጉሩ እንዳያግደው አብዛኛውን ጊዜ ከራሱ ጀምሮ ይውጠዋል፤ የግራና የቀኝ መንጋጋዎቹ በየተራ ወደፊት እየተራመዱ ምግቡን ይስባሉ። በዚያን ጊዜም የመተንፈሻ ቱቦውን አፍ ወደፊት አውጥቶ ይተነፍሳል።

ቡልስኔክ እንቁላልም ይውጣል። በኢትዮጵያም የሚገኘው እንቁላል በል እባብ ግን ሌላ ምግብ የለውም፤ ጥርሱም እጅግ ያነሰ ነው። ቅርፊቱን ጉሮሮው ውስጥ በወጡ የአከርካሪ አጥንቶች ሰብሮ ፈሳሹን ይውጣል፤ ቅርፊቱን ይተፋል።

የሴይ ደብተሮች እስከ ዛሬ አልተገኙም። ስሙን የተሸከመው እባብ ግን እርሱ ባለፈበት ሜዳ አሁንም ያድናል።