ቴዎዶር ሩዝቬልትና የሰውነት ማጎልመሻ

ቴዎዶር ሩዝቬልት የዩናይትድ ስቴትስ ሃያ ስድስተኛው ፕሬዚዳንት ነበር። ስለ ፖለቲካ ሥራው፣ ስለ ጦር ሜዳ ውሎውና ስለ አደን ጉዞዎቹ ብዙ ተጽፏል። ይህ ምንባብ ግን የሚያተኩረው በሰውነቱ ታሪክ ላይ ነው። ይኸውም በሕፃንነቱ መተንፈስ ያቅተው የነበረ ልጅ እንዴት ብርቱ ሰው ሊሆን እንደ ቻለና ብርታቱም ምን እንዳስከፈለው ያስረዳል። በምንባቡ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተብለው ካልተገለጹ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ቴዎዶር የተወለደው ኦክቶበር 27 ቀን 1858 በኒው ዮርክ ከተማ ነው። ከአራት ልጆች ሁለተኛው ነበር። አባቱ መስተዋት ከውጭ አገር እያስመጡ የሚነግዱ ባለጸጋ ሲሆኑ፣ ችግረኛ ልጆችን በመርዳትም የታወቁ ሰው ነበሩ። ቤተ ሰቡ በሀብት ረገድ የጎደለው ነገር አልነበረም። ልጁ ግን ገና በጨቅላነቱ በአስም በሽታ ተያዘ። አስም የሳምባ የአየር ቧንቧዎች እየጠበቡ አየር እንደ ልብ እንዳይገባና እንዳይወጣ የሚያደርግ በሽታ ነው። በዛሬው ጊዜ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አለው፤ በዚያን ዘመን ግን አልነበረውም። ሕመሙ በሌሊት ሲነሣበት ልጁ ተኝቶ መተንፈስ ስለማይችል አባቱ አቅፈው ከክፍል ወደ ክፍል ያመላልሱት ነበር። አንዳንድ ሌሊትም በብርድ ልብስ ጠቅልለው በሠረገላ ያስቀምጡትና ነፋስ ፊቱን እንዲመታው በጨለማው ጎዳና ላይ ፈረሶቹን ያስጋልቡ ነበር። ሐኪሞቹ ያዙለት ከነበረው መድኃኒት መካከል ወፍራም ጥቁር ቡናና ሲጋራ ይገኙበታል። ለአስም በሽተኛ ሕፃን ትምባሆ አጭስ ማለት ዛሬ ለሰሚው ይከብዳል፤ የዘመኑ ዕውቀት ግን ይኸው ነበር።

በዚህ ምክንያት ቴዎዶር እንደ ሌሎች ልጆች ትምህርት ቤት ሊገባ አልቻለም። የሚማረው በቤት ውስጥ ነበር። የሚወዳቸውም ነገሮች መጻሕፍትን ማንበብ፣ ወፎችን፣ አይጦችንና ነፍሳትን እየሰበሰበ መመርመር ነበሩ። ሰውነቱ ከሲታ፣ እግሮቹ ቀጫጭን፣ ዓይኖቹም ሩቅ የማያዩ ነበሩ። የዓይኑ ድካም የታወቀው እንኳ ዐሥራ ሦስት ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ጓደኞቹ በጠመንጃ የሚመቱትን ነገር እሱ ጨርሶ እንደማያየው ሲረዳ ነው።

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ አባቱ አስጠርተው አነጋገሩት። ንግግራቸውም አጭር ነበር። አእምሮው ጎበዝ መሆኑን፣ ነገር ግን ሰውነቱ ካልረዳው አእምሮው ብቻውን ሩቅ ሊያደርሰው እንደማይችል፣ ስለዚህም ሰውነቱን ራሱ መሥራት እንዳለበት ነገሩት። ሥራውም አድካሚና አሰልቺ መሆኑን አልደበቁትም። ልጁም እሠራዋለሁ ብሎ ቃል ገባ።

ሥራው የተጀመረው በከተማው ውስጥ በሚገኝ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ ቤት ነው። እናቱ በየቀኑ ይወስዱት ነበር። ጥቂት ቆይቶም አባቱ በመኖሪያ ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ የነበረውን ሰፊ ሰገነት የመልመጃ ስፍራ አደረጉለት። እዚያም ሁለት አግድም ዘንጎች ተተከሉ፤ የሚነሡ ክብደቶችና ደረትን የሚያሰፋ መጎተቻ ገቡ። ልጁ በዘንጎቹ መካከል እየተንጠለጠለ ሲወዛወዝና ደረቱን በትንሽ በትንሹ ለማስፋት ሲደክም ያዩት እኅቱ ጎልማሳ ከሆነች በኋላም አልረሳችውም። ለውጡ በጣም አዝጋሚ ነበር። ለወራት ያህል ከሠራ በኋላም ቢሆን ለሚያየው ሰው ያው ከሲታ ልጅ ነበር። ተማሪዎች በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሁለት ሳምንት ሠርተው ምንም ለውጥ አላየንም ሲሉ ይህ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ሰምቷል፤ የቴዎዶር ሥራ ግን የሚቆጠረው በሳምንት ሳይሆን በዓመት ነበር።

በ1872 አስም ስለ ጠናበት አየር እንዲለውጥ ብቻውን ወደ ሜይን ግዛት ተላከ። በፈረስ በሚጎተት የመንገደኞች ሠረገላ ላይ በእድሜ የሚመስሉት ሁለት ልጆች አገኙትና ያሾፉበት፣ ይጎነትሉትም ጀመር። ትዕግሥቱ ሲያልቅ ሊደባደብ ተነሣ። ሆኖም ከሁለቱ አንዱ ብቻውን ያለ ምንም ችግር ያዘው፤ ጉዳት እንኳ ሳያደርስበት፣ መልሶ እንዳይመታም አድርጎ ተጫወተበት። ቢደበድቡት ኖሮ ምናልባት ቁስሉ በቶሎ ይረሳ ነበር። እንደ ሕፃን መያዙ ግን ከልቡ አልወጣም። ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰም አባቱን አስፈቅዶ ጆን ሎንግ ከሚባል የቀድሞ ቦክሰኛ ዘንድ ቦክስ መማር ጀመረ።

እዚህ ላይ ስለ ተሰጥኦ አንድ ነገር መግለጽ ያስፈልጋል። ቴዎዶር ተፈጥሮ ያደለችው ስፖርተኛ አልነበረም። በቦክስ ትምህርቱም ፈዛዛ ስለ ነበረ ጥቂት መሻሻል ያሳየው ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። አስተማሪው ባዘጋጀው አንድ ውድድር ግን በቀላል ክብደት አሸንፎ ርካሽ የብረት ኩባያ ተሸለመ። ይህን ኩባያ ለብዙ ዓመታት እንደ ትልቅ ሀብት ሲጠብቀው ኖሯል። በ1876 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላም ቦክሱን አላቋረጠም። በ1879 ለዩኒቨርሲቲው የቀላል ክብደት ሻምፒዮንነት ሲወዳደር ግን ተሸንፏል።

ትምህርቱን ሊጨርስ ሲል በ1880 የዩኒቨርሲቲው ሐኪም ዱድሌይ ሳርጀንት መረመሩት። ልቡ ደካማ ሆኖ ስለ ተገኘ ጸጥ ያለ ኑሮ እንዲኖር፣ ደረጃም እንኳ እየሮጠ እንዳይወጣ አስጠነቀቁት። ለአንድ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት፣ ያውም ዐሥር ዓመት ሙሉ ሰውነቱን ሲገነባ ለኖረ፣ ይህ ከባድ ፍርድ ነበር። ቴዎዶር የተከለከለውን ሁሉ እንደሚያደርግ ለሐኪሙ ነግሮ ወጣ። ነገሩንም ለረጅም ጊዜ ለማንም አልተነፈሰም፤ በዚያው ዓመት ላገባት ለአሊስ ሊም እንኳ። በሚቀጥለው ዓመት በጫጉላ ጉዟቸው ወቅት በአውሮፓ 4,478 ሜትር ከፍታ ያለውን የማተርሆርን ተራራ ወጣ። ይህን ድርጊቱን ግን ተማሪዎች እንዲከተሉት አንመክርም። በዛሬው ጊዜ ሐኪሞች ለብዙ የልብ ሕመምተኞች ራሳቸው እንቅስቃሴ ያዝዛሉ፤ የሚያዝዙት ግን ለክተውና ተከታትለው ነው። ሩዝቬልት በዚያን ዕለት በሕይወቱ ተወራርዷል፤ ውርርዱም ለብዙ ዓመታት ቀንቶታል።

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1884 እናቱና ሚስቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሞቱ። ሚስቱ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ሴት ልጅ ወልዳ ነበር። ቴዎዶር ሕፃኗን ለእኅቱ ሰጥቶ ዳኮታ ወደሚባለው ምድረ በዳ ሄደና ከብት አርቢ ሆነ። እዚያ የመልመጃ ዘንግም ሆነ የክብደት ማንሻ አላስፈለገውም። ከንጋት እስከ ማታ በኮርቻ ላይ መዋል፣ የባዘነ ከብት መፈለግ፣ እንጨት መቁረጥና ብርድ ለብርድ ማደር የዕለት ሥራው ነበር። በ1886 እና በ1887 መካከል የመጣው ከባድ ክረምት ከብቶቹን ፈጅቶ ገንዘቡን ቢያከስረውም፣ ከዚያ አገር የተመለሰው ደረቱ የሰፋ፣ አንገቱ የደነደነ ሌላ ሰው ሆኖ ነው። አስሙም ቀንሶለት ነበር። ይሁን እንጂ አስሙን ያዳነው እንቅስቃሴው ብቻ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። የሕፃናት አስም በእድሜ ብዛት የሚቀንስበት ጊዜ አለ፤ እሱንም ካደገ በኋላ አልፎ አልፎ ይነሣበት ነበር።

በ1899 የኒው ዮርክ ግዛት አገረ ገዥ ሲሆን በሳምንት ጥቂት ቀናት ከአንድ የትግል ሻምፒዮን ጋር ይታገል ነበር። ለዚህም የሚሆን ምንጣፍ በመንግሥት ሒሳብ አስገዛ። የግዛቱ ሒሳብ ተቆጣጣሪ ግን ሰነዱን አላጸድቅም አለ። ለአገረ ገዥ የቢሊያርድ ጠረጴዛ መግዛት የተለመደ ሲሆን የትግል ምንጣፍ ግን ከዚያ በፊት ተሰምቶ አያውቅም ነበር።

በ1901 ፕሬዚዳንት ማኪንሌይ በነፍሰ ገዳይ እጅ ሲሞቱ ምክትላቸው የነበረው ሩዝቬልት በአርባ ሁለት ዓመቱ ፕሬዚዳንት ሆነ። በእኛ አገር ታሪክ ስሙ የሚነሣውም በዚህ ሥልጣን ላይ ሳለ ነው። ሮበርት ስኪነር የተባለውን መልእክተኛ ወደ አዲስ አበባ ልኮ በ1896 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር የንግድ ውል ሲፈረም፣ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለፕሬዚዳንቱ ሁለት አንበሶችና የዝሆን ጥርስ በስጦታ ልከውለታል።

በቤተ መንግሥት ሥራ ብዛት ሰበብ እንቅስቃሴውን አልተወም። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ለሰውነቱ ለመመደብ ሁልጊዜ ይጥር ነበር። አንድ ቀን ቴኒስ ይጫወታል፤ ብዙውን ጊዜ ፈረስ ይጋልባል፤ ወይም ጓደኞቹንና ባለ ሥልጣኖቹን አስከትሎ ከከተማው ዳርቻ በሚገኘው በሮክ ክሪክ ሸለቆ ይጓዛል። የጉዞው ሕግ አንድ ብቻ ነበር። ከመነሻው እስከ መድረሻው በቀጥታ መሄድ እንጂ ያጋጠመውን ዐለትም ሆነ ወንዝ መዞር አይፈቀድም። በዚህም የተነሣ በረዶ በሚንሳፈፍበት ውሃ ውስጥ ከነልብሳቸው የዋኙበት ጊዜ ነበር። የፈረንሳይ አምባሳደር የነበሩት ዡሴራን ከእነዚህ ተጓዦች አንዱ ነበሩ። በ1904 ደግሞ ያማሺታ ከተባለ ጃፓናዊ አስተማሪ ጁዶ ተማረ። ከጄኔራል ሊዮናርድ ዉድ ጋር በእኛ አገር እረኞች ዘንድ የዱላ ምክቶሽ የሚባለውን የሚመስል ጨዋታ እየተጫወቱ አንዳንድ ጊዜ እጁ እስኪያብጥ ይደባደቡ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ከአንድ ወጣት የመድፈኛ ጦር መኮንን ጋር ቦክስ ሲጋጠም ግራ ዓይኑ ላይ ተመታ። የዓይኑ ጥቃቅን የደም ሥሮች ተበጠሱና የማየት ኃይሉ እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ ዓይኑ ጠፋ። ሩዝቬልት መኮንኑ እንዳይጸጸት ሲል ጉዳቱን ለብዙ ዓመታት ደበቀው። ልብ ያለው ሰው መሆኑን ይህ ያሳያል። ሆኖም በዐርባዎቹ እድሜ የሚገኝ፣ ያውም አገር የሚመራ ሰው ከወጣት ወታደር ጋር በጡጫ መጋጠሙ ተገቢ ነበር ለማለት ያስቸግራል።

በ1908 የጦር መኮንኖች ከመጠን በላይ መወፈራቸውን ስላየ፣ እያንዳንዱ መኮንን በሦስት ቀን ውስጥ 145 ኪሎ ሜትር ያህል በፈረስ እንዲጓዝ፣ የባሕር ኃይል መኮንኖችም 80 ኪሎ ሜትር በእግራቸው እንዲሄዱ አዘዘ። ትእዛዙ ጉምጉምታ አስነሣ። እሱም ሃምሳ ዓመት ሞልቶት ሳለ ጃኑዋሪ 13 ቀን 1909 ከንጋት በፊት ተነሥቶ፣ ፈረስ እየቀያየረ ከዋሽንግተን ወደ ዋረንተን 158 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሶ መልስ ጋለበ። ሲመለስ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እየመታው ነበር፤ ጉዞው ግን በአንድ ቀን አለቀ። ከዚያ በኋላ ያጉረመረመ መኮንን ካለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መሆን አለበት።

ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ እያለ የራሱ ክብደት ከ90 ኪሎ ግራም በላይ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሩዝቬልት ምግብ በጣም ይወድ ነበር። ሰው በሁለት ሰዓት ግልቢያ ያቃጠለውን ኃይል በአንድ ማዕድ መልሶ ሊያስገባው ይችላል። ጉልበት የሚገኘው ከእንቅስቃሴ ሲሆን፣ ክብደት የሚቀንሰው ግን የሚበላውም ሲመጠን ነው። የመጀመሪያውን ከልጅነቱ ጀምሮ ጠንቅቆ አወቀ፤ ሁለተኛውን ግን ፈጽሞ ሊለምደው አልቻለም።

በ1912 እንደገና ለምርጫ ሲወዳደር በሚልዎኪ ከተማ አንድ ሰው ተኩሶ ደረቱን መታው። ጥይቱ በኪሱ የነበረውን ወፍራም የንግግር ጽሑፍና የመነጽር ማኅደር በስቶ ከደረቱ ሥጋ ውስጥ ቀረ፤ ሳምባው ጋ አልደረሰም። ደረቱ እየደማ ከአንድ ሰዓት በላይ ንግግር አድርጎ ወደ ሐኪም ሄደ። ሐኪሞቹም የደረቱን ጡንቻ ውፍረት አይተው አደነቁ። ጥይቱ ሳይወጣ እስከ ዕለተ ሞቱ አብሮት ኖረ።

በምርጫው ከተሸነፈ በኋላ በ1914 ካንዲዶ ሮንዶን ከሚባሉት ብራዚላዊ መኮንን ጋር በአማዞን ደን ውስጥ ካርታ ያልተሠራለትን ወንዝ ሊመረምር ሄደ። እግሩ ቆስሎ መመርቀዝ ጀመረ፤ ወባም ያዘው። ከሰውነቱ ክብደት ሩብ ያህሉን አጥቶ በሰዎች ድጋፍ ከደኑ ወጣ። ያን ጊዜ የጠፋው ክብደት የጤና አልነበረም። ወንዙ በስሙ ተጠራ፤ የቀድሞ ጤንነቱ ግን ሳይመለስ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ ሰውነቱ እንደገና ስለ ወፈረ በ1917 ስታምፎርድ በተባለች ከተማ አጠገብ ጃክ ኩፐር የሚባል አሠልጣኝ ወዳቋቋመው ማረፊያ ገብቶ ክብደት ለመቀነስ እንደ ተማሪ ሲሠለጥን ሰነበተ። በሚቀጥለው ዓመት በጆሮ ሕመም ሆስፒታል ገባና የግራ ጆሮው መስማት አቆመ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር የመጨረሻው ልጁ ኬንቲን በፈረንሳይ ሰማይ ላይ በአየር ውጊያ ተገደለ።

ሩዝቬልት ጃኑዋሪ 6 ቀን 1919 በመኖሪያ ቤቱ በኦይስተር ቤይ ተኝቶ ሳለ ዐረፈ። ስድሳ ዓመቱ ነበር። የተቀበረው ከቤቱ ብዙ በማይርቅ ኮረብታማ መካነ መቃብር ነው። ስፍራው ተዳፋት ስለ ሆነ መቃብሩን ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው ሃያ ስድስት ደረጃዎች መውጣት አለበት።