በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብን፦ የፕሮፌሰር ቴዎዶር ኮኸር ሕይወትና የእኛ አጥንት



በመካከላችን ጠዋት ጠዋት አንዲት ትንሽ ክኒን ሳንውጥ ውሏችንን የማንጀምር ብዙዎች ነን። አንዳንዶቻችን እንቅርታችን በቀዶ ሕክምና ወጥቶልን፣ ሌሎቻችን ደግሞ የታይሮይድ ዕጢያችን በራሱ ሥራውን አቁሞብን ነው። መድኃኒቱ የዕድሜ ልክ ነው ተብለናል። ሰሞኑን ግን ይህ ክኒን አጥንት ያሳሳል የሚል ወሬ ከአንዷ ወደ አንዷ ሲተላለፍ ሰንብቶ፣ ፈርተው ክኒኑን ለማቆም ያሰቡ እኅቶች አሉ። በወሬው ውስጥ እውነት አለ፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እንዳይሆንብን ሙሉውን ማወቅ ይገባናል። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ ታይሮይድ ዕጢ ለዓለም ብዙ ያስተማሩትን የአንድ ሐኪም ሕይወት ልናካፍላችሁ ወደናል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቴዎዶር ኮኸር በ1841 በስዊዘርላንድ፣ በርን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው መሐንዲስ፣ እናታቸው ደግሞ ጸሎት የሚወዱ ሴት ነበሩ። ሕክምና የተማሩት በዚያው በተወለዱበት ከተማ ነው። ከዚያም በርሊን፣ ለንደን፣ ፓሪስና ቪየና እየሄዱ የዘመኑን ታላላቅ ቀዳጅ ሐኪሞች ሥራ ተመለከቱ። በ1869 ማሪ ቪቺ የምትባል ሴት አግብተው ሦስት ወንዶች ልጆች ወለዱ። በ1872፣ ገና በሠላሳ ዓመታቸው፣ የበርን ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው ተሾሙ። በዚያ ወንበር ላይ አርባ አምስት ዓመት ቆዩ።

ያን ጊዜ በስዊዘርላንድ ተራሮች እንቅርት የሌለበት መንደር አይገኝም ነበር ማለት ይቻላል። ምክንያቱ የእኛ ደገኞች የሚያውቁት ነው፤ ዝናብና ጎርፍ የተራራውን አፈር ሲያጥብ አዮዲኑን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ አፈር የሚበቅለው እህልም የሚጠጣው ውኃም አዮዲን ያንሰዋል። የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን የሚሠራው ከአዮዲን ስለ ሆነ፣ ሲያጣ እያበጠ ይሄዳል። አንዳንዱ እንቅርት እስኪያንቅ ድረስ ያድግ ነበር። አውጥቶ መጣል ደግሞ እጅግ አስፈሪ ሥራ ነበር። አንገት የደም ሥር የበዛበት ቦታ ነው፤ ሕመምተኛው ወይ በደም መፍሰስ ወይ በቁስል መመረዝ ይሞታል። ብዙ ሐኪሞች እጃቸውን አንነካም ብለው ነበር።

ኮኸር ግን በዝግታና በንጽሕና የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ቢላቸውን ከማንቀሳቀሳቸው በፊት እያንዳንዷን የደም ሥር ለይተው ይቆነጥጡና ያስሩ ነበር። ለዚህ የሠሩት መቆንጠጫ እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ በስማቸው ይጠራል። በሕይወታቸው ወደ 5,000 የሚሆኑ የእንቅርት ቀዶ ሕክምናዎችን ሠርተዋል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አይሞትባቸውም ነበር።

ሕይወታቸውን የለወጠው ግን የአንዲት ልጅ ነገር ነው። በ1874 የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንቅርቷን ሙሉ በሙሉ አወጡላት። ቁስሉ ዳነ፣ ልጅቷም ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ሥራው እንደ ተሳካ ተቆጠረ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1882፣ ሬቨርደን የሚባሉ የጄኔቫ ሐኪም ዕጢው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሰዎች ቆይተው እየደከሙና እየፈዘዙ መሄዳቸውን ለኮኸር ነገሯቸው። ኮኸር ይህን ሲሰሙ የጥንት ሕመምተኞቻቸውን አንድ በአንድ ማስጠራት ጀመሩ።

ያቺ ልጅ ስትመጣ አንዲት ታናሽ እኅቷ ትልቅ ሰው ሆና ነበር። ድሮ ሁለቱ በመልክ እስከ መምታታት ይመሳሰሉ ነበር። አሁን ታናሺቱ ያበበች ኮረዳ፣ ታላቂቱ ግን ቁመቷ እዚያው የቀረ፣ ፊቷ ያበጠ፣ አእምሮዋም የደከመ ሆና ተገኘች። ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ ወጥቶላቸው ከተመረመሩት 18 ሰዎች 16ቱ ላይ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ኮኸር ይህን አልደበቁትም። በ1883 በጀርመን ቀዳጅ ሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቆመው፣ በገዛ እጃቸው ሥራ የመጣውን ጉዳት ከነቁጥሩ ዘረዘሩት። ከዚያ ወዲያ ለተራ እንቅርት ዕጢውን ጠራርገው ማውጣት ተዉ፤ ሁልጊዜም ጥቂት ማስቀረት ልማዳቸው ሆነ። ዓለምም በዚህ ምክንያት ይህ ትንሽ ዕጢ ምን እንደሚሠራ አወቀ፤ ያለ እርሱ ልጅ አያድግም፣ ሰውነት አይሞቅም፣ አእምሮ አይነቃም።

ከአጥንታችን ጋር የሚገናኝ ሌላ ነገርም በዚያው ዘመን ታወቀ። በቪየና በታላቁ ቢልሮት ክፍል የሚቀደዱት ሕመምተኞች እንደ ኮኸር ሰዎች አልፈዘዙም፤ ጡንቻቸው ግን ይኮማተርና ያንቀጠቅጣቸው ነበር። ምሥጢሩ ቆይቶ ተገለጠ። ከታይሮይድ ዕጢ ኋላ የስንዴ ቅንጣት የሚያህሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት የሚሆኑ ፓራታይሮይድ የሚባሉ ዕጢዎች አሉ። በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት እነርሱ ናቸው። በቪየና በፍጥነት ሲቀደድ እነዚህ አብረው ይወጡ ነበር፤ በኮኸር ጥንቁቅ እጅ ግን ይተርፉ ነበር። እንቅርታችን ከወጣልን በኋላ ካልሲየማችን የሚለካው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕጢውን ላጡትስ ምን ይደረግ? ኮኸር ራሳቸው በ1883 የታይሮይድ ሥጋ በሕመምተኛ ሰውነት ውስጥ ለመትከል ሞክረው ነበር። መፍትሔው የመጣው ግን በ1891 ከእንግሊዝ ነው። ጆርጅ መሪ የተባሉ ወጣት ሐኪም ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ዕጢዋ ለደከመባት ሴት በመርፌ ሰጧት። ሴትየዋ ድና ሃያ ስምንት ዓመት ተጨማሪ ኖረች። በማግሥቱ ዓመት ሌሎች ሐኪሞች የበግ ዕጢውን ጠበስ አድርጎ መብላትም እንደሚያድን አሳዩ። በ1914 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል ሆርሞኑን ለይተው አወጡት፤ በ1927 ደግሞ በለንደን በቤተ ሙከራ ተሠራ። እኛ ዛሬ የምንውጠው ሌቮታይሮክሲን የዚያ ልጅ ነው።

በዚያው በ1891 ግን ማስጠንቀቂያውም ተጻፈ። ሬክሊንግሃውዘን የተባሉ የስትራስቡርግ ሐኪም፣ ዕጢዋ ከልክ በላይ ሠርቶባት የሞተች የወጣት ሴት አጥንት መርምረው ትል እንደ በላው እንጨት ተቦርቡሮ አገኙት። መድኃኒቱና ማስጠንቀቂያው በአንድ ዓመት ተወለዱ ማለት ነው።

ኮኸር በ1909 ስለ ታይሮይድ ዕጢ ባደረጉት ሥራ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ከዚያም 200,000 የስዊዝ ፍራንክ በዩኒቨርሲቲያቸው ለምርምር ተቋም ማቋቋሚያ ሰጡ። በ1913 ዕጢያቸው ከልክ በላይ ይሠራባቸው የነበሩት የሌኒን ባለቤት ናዴዥዳ ክሩፕስካያ በርን ድረስ ሄደው በእርሳቸው እጅ ተቀደዱ፤ ከዚያም በኋላ እስከ 1939 ኖረዋል። በሐምሌ 1917 አንድ ምሽት ኮኸር ለአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ተጠሩ። ሰባ አምስት ዓመት አልፏቸው ነበር። ሥራውን ፈጽመው ሲወጡ ሕመም ተሰማቸው፤ በቀናት ውስጥም ዐረፉ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1922፣ አገራቸው ጨውን በአዮዲን ማበልጸግ ጀመረች። ኮኸር ዕድሜያቸውን ሙሉ በቢላ የታገሉት እንቅርት በጨው መጥፋት ያዘ። በእኛም አገር ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2011 ሕግ ወጥቷል።

አሁን ወደ እኛ ነገር እንመለስ። አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር አይደለም። አሮጌውን የሚያፈርሱና አዲሱን የሚገነቡ ሕዋሳት ሌት ተቀን ይሠሩበታል። የታይሮይድ ሆርሞን ሲበዛ ሁለቱም ይፈጥናሉ፤ ነገር ግን ማፍረስ ከመገንባት ስለሚቀል ግንበኛው ከአፍራሹ ኋላ ይቀራል። አጥንትም ይሳሳል። ሴት ልጅ እስክታርጥ ድረስ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን አፍራሹን ይገታላታል፤ ካረጠች በኋላ ግን ያ ጋሻ ይወርዳል። ስለዚህ ይበልጥ የምንጎዳው ዕድሜያችን የገፋው ነን።

እንግዲህ አጥንት የሚጎዳው መድኃኒቱ ከልክ ሲያልፍ እንጂ በልኩ ሲሆን አይደለም። ልኩን የሚነግረን ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለው የደም ምርመራ ነው። ቁጥሩ እጅግ ሲወርድ መድኃኒቱ በዝቷል ማለት ነው። ልክ ሲያልፍ አንዳንዴ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። አጥንት ግን እስኪሰበር ድረስ ድምፅ የለውም።

ኮኸር ያስተማሩን ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ቁስሉ ስለ ዳነ ነገሩ አለቀ ብለው ቢተዉት ኖሮ የዚያች ልጅ ጉዳት ባልታወቀ ነበር። እውነቱ የተገኘው ሕመምተኞቹ ተመልሰው ሲታዩ ነው። እኛም በአንድ የሐኪም ማዘዣ ዓመታት ማስቆጠር የለብንም። ዕድሜ ሲገፋና ክብደት ሲቀንስ የሚያስፈልገን መጠን ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ መጠን በተለወጠ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ፣ ከተስተካከለም በኋላ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ደማችንን እናስመርምር። ያረጥን ወይም ከዚህ በፊት አጥንታችን በቀላሉ የተሰበረብን ደግሞ የአጥንት ጥንካሬ መለኪያ ምርመራ ያስፈልገን እንደ ሆነ ሐኪማችንን እንጠይቅ።

ክኒኑን በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ እንዋጥ። ቁርስም ቡናም ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይጠብቁ። የካልሲየምና የብረት ክኒን ከታይሮይድ መድኃኒት ጋር አንድ ላይ አይዋጡም፤ በመካከላቸው አራት ሰዓት ይኑር። አብረው ከተዋጡ ካልሲየሙ መድኃኒቱን ይይዘዋል። ሐኪሙም መድኃኒቱ ያነሰ መስሎት መጠኑን ይጨምራል። በኋላ ካልሲየሙ የተቋረጠ ጊዜ የተጨመረው ሁሉ ወደ ሰውነት ገብቶ አጥንትን ይጎዳል።

ከምግባችን ወተት፣ እርጎና አይብ ካልሲየም ይሰጡናል። በጾም ወራት ጎመን፣ የጤፍ እንጀራና ሰሊጥ አሉልን። ካልሲየም ወደ አጥንት እንዲደርስ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል፤ እርሱም ከፀሐይ ይገኛል፤ ከቤት ለማንወጣ ደግሞ ሐኪም ሊያዝልን ይችላል። አጥንት የሚጠነክረው ሸክም ሲያገኝ ነውና በእግር እንሂድ፣ ደረጃ እንውጣ። በቤታችን የሚያደናቅፍ ምንጣፍ ካለ እናንሣው።

ስለ ዕጢ ካንሰር የታከሙ እኅቶቻችን አንዳንዶቹ መጠኑ ሆን ተብሎ ከፍ ይደረግላቸዋል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ካንሰሩ እንዳይመለስ ነው። እነርሱም ከሐኪማቸው ጋር ስለ አጥንታቸው ይነጋገሩ እንጂ መጠኑን በራሳቸው አይቀንሱ። ማንኛችንም ብንሆን መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዳችን አናቁም። ዕጢ ለሌላት ሴት ክኒኑን ማቆም ማለት ኮኸር በዚያች ልጅ ላይ ወዳዩት ድካምና ፍዘዛ መመለስ ነው።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ ለምርመራና ለመጓጓዣ የምትሰጡት እርዳታ ሥራው ይኸው ነው፤ አንዲት እኅት ተመልሳ እንድትታይ ማድረግ። እኅቶቻችንም፣ የመጨረሻ የደም ምርመራችሁ መቼ እንደ ነበረ ማስታወስ ካቃታችሁ፣ ጊዜው አልፏል ማለት ነውና በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያዙ። ብቻዋን መሄድ የሚከብዳት ለጎረቤት አባል ትንገር፤ አብረን እንሄዳለን።